ፎርጅድ ነው ያልኩት ቴፕ

በመኪና አምፕሊፋየር ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ በካቻቢቴ ጫፍ የምትዞር። እንጀራዬን የበላሁት በእሷ ነው፤ ያፈርኩትም በእሷ ነው። መቐለ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የድምፅ መጨመሪያ ትመስለው ነበር፤ ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አይደለችም። ቴፕ ወደ አምፕ የሚልከው ድምፅ በቮልት ይለካል። ካሴትም ያጫውት ሲዲ ወይም ፍላሽ፣ እኛ ሁሉንም ቴፕ ነው የምንለው። አንዱ ቴፕ ደካማ ነው፣ ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ሌላው ጉልበተኛ ነው፣ አራት ቮልት ይልካል። ማዞሪያዋ ለአምፑ «የሚመጣብህ ይህን ያህል ነው፣ ለዚህ ተዘጋጅ» የምትል ናት። ለደካማው ከፍተህ ትተሃት ጉልበተኛው ከመጣ፣ አምፑ ከዐቅሙ በላይ ይጮኻል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻ ላይ ስፒከሩ ይቃጠላል። ነገሩ ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው፤ እኔ ግን የተማርኩት ሁለት ወንድማማቾችን ካቆራረጥኩ በኋላ ነው።

ከወሎ መቐለ የመጣሁት አጎቴን ተከትዬ ነው። እሱ ጨርቅ ይነግዳል፤ እኔ ለንግድ አልሆንኩም፣ ምላሴ ፈጣን ትዕግሥቴ አጭር ነው። ደንበኛ ጨርቁን ሦስት ጊዜ ዳስሶ ሲያስቀምጠው ነገር እጀምራለሁ። አጎቴ ደንበኞቹን ሳልጨርስበት ገላገለኝና አንድ ሬድዮ ጠጋኝ ዘንድ አስገባኝ። እዚያ እጄ አፌን አዳነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንዲት ሻይ ቤት አጠገብ፣ የራሴን ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። ሻይ ቤቷ የሚኒባስ ሾፌሮች ማረፊያ ነበረች። ትግርኛዬ ያስቃቸው ነበር፤ ሥራዬን ግን ይወዱት ነበር።

ያኔ በየመኪናው ያለው የካሴት ቴፕ ነው፣ ደካማ። ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻ ካልከፈትክ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ተሳፋሪ ምንም አይሰማም። ስለዚህ እጄ አንድ ነገር ብቻ ለመደ፤ እስከ መጨረሻ ማዞር። ሾፌር ደግሞ እጁ አያርፍም፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም እንኳ የሚነካካው ነገር ይፈልጋል። እንዳይነካካብኝ ብዬ ካዞርኩ በኋላ ከባለቤቴ የወሰድኩትን ቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ አደርግበታለሁ። ሲደርቅ ማዞሪያዋ አትነቃነቅም። ቀይ ጠብታ ያለበት አምፕ የእኔ ሥራ እንደሆነ በየመናኸሪያው ታወቀ፤ እኔም እንደ ንጉሥ ማኅተም ኮራሁበት።

በማዞሪያዋ ዙሪያ ቁጥር ተጽፏል። በግራ በኩል፣ ድምፁ በሚቀንስበት፣ ስድስት ቮልት ይላል፤ በቀኝ በኩል፣ ድምፁ በሚጨምርበት፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ለእኔ የተገለበጠ ነገር ነበር። «ፋብሪካው ሲጽፍ እንቅልፍ ወስዶት ነው» እያልኩ ሾፌሮቹን አስቅ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን እንተወውና ሞኙ እኔ ነበርኩ።

ከደንበኞቼ አንዱ ከቁሓ መቐለ የሚሠራ ሾፌር ነበር። ሚኒባሷ የራሱ ናት። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ሲንጫጩ እሱ ሻዩን በጸጥታ ጠጥቶ ይነሳል። ወላጆቻቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ታናሽ ወንድሙን ያሳደገው እሱ ነው። ልጁ ጎረመሰና ሳዑዲ ሄደ፣ አራት ዓመት ጅዳ ሠራ፤ ሰው በጅምላ እየተጠረዘ በሚመለስበት ሰሞን እሱም ተመለሰ። አንድ ቀን ሾፌሩ ወደ ሱቄ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራኝ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ መጥቷል። መንጃ ፈቃድ አለው። ከሰዓት በኋላውን መሪውን ለእሱ ልሰጠው አስቤያለሁ። ግን ሰው ሆኖ እንደሆነ ልየው መጀመሪያ።»

«ሰው መሆኑን በምን ታየዋለህ?» አልኩት።

«በነገር ሁሉ» አለኝ።

በማግሥቱ ሁለቱ አብረው መጡ። ታናሹ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ነው። ካርቶን አቅፏል። ከአራት ዓመት ልፋት በእጁ ይዞት የተመለሰው እሱንና አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ለወንድሙ ሚኒባስ የገዛው ቴፕ ነው።

«ኦሪጅናል ነው» አለኝ። «ጅዳ ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ አወዳድሬ ነው የገዛሁት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ይዩልኝማ።»

አንቱ ነበር የሚለኝ፤ በዕድሜ ብዙም አልበልጠውም ነበር።

«ካርቶን አይዘፍንም» አልኩትና ቴፑን አውጥቼ ካርቶኑን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ሥር ወረወርኩት። ሾፌሮቹ ሳቁልኝ። እሱም አብሮ ሳቀ።

የሚኒባሷን አምፕና ስፒከር ቀደም ብዬ የገጠምኩት እኔው ነኝ። አምፑ ላይ ቀይ ጠብታዬ አለች፣ ማዞሪያዋም ለአሮጌው ካሴት እንደከፈትኳት እስከ መጨረሻ ናት። በገዛ ማኅተሜ ላይ ለምን እጄን አነሳለሁ? አሮጌውን ቴፕ ነቅዬ አዲሱን ተካሁ፣ ገመዱን አገናኘሁ፣ ጨረስኩ።

በእኛ ሰፈር የተገጠመ ድምፅ የሚፈተንበት ወግ ነበረው። ከሾፌሮቹ በዕድሜ የገፋው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ደረቱን ካንቀጠቀጠው ራሱን ይነቀንቃል፤ ያኔ ሥራው አለፈ። ያን ዕለት ሙዚቃው ሲለቀቅ የሻይ ቤቷ ብርጭቆዎች ተንቃጨሉ። ሽማግሌው ሾፌር ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ድምፁ ጫፉ ላይ ሰንጠቅ ይል ነበር፣ ሰምቼዋለሁ፤ እኛ ግን መሰንጠቁን ጉልበት ብለን ተረጎምነው። ታላቁ ወንድም እጁን በታናሹ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ያ ቁጥብ ሰው ጥርሱ ሲታይ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሚኒባሷ ተመልሳ መጣች። ሾፌሩ ብቻውን ነው፣ ፊቱ ጠቁሯል። ከቁሓ ሲመለስ ከኋላ ጭስ ወጣ፣ ተሳፋሪው መኪናው ተቃጠለ ብሎ እየተጋፋ ወረደ፣ አንዲት ሴትዮ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ስፒከሮቹን ፈትቼ አወጣኋቸው፤ ሁለቱም ቃጠሎ ይሸቱ ነበር፣ ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ከስሏል። አምፑ እጅ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። መፍቻ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩና ካርቶኑን ከጠረጴዛዬ ሥር አወጣሁት። ዳር ላይ በትንሽ ፊደል የሚያወጣው ቮልት ተጽፏል፤ አራት። ቀና ብዬ አምፑን አየሁ። ማዞሪያዋ በቀይ ጠብታ ታሽጋ ዜሮ ነጥብ ሁለት ላይ ቆማለች።

ያኔ ገባኝ። አፌን ሳልከፍት በፊት ነው የገባኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሻይ ቤቷ በር ላይ ስድስት ሾፌሮች ቆመው ያዩኛል። ከመንገዱ ወዲያ ጫፍ ደግሞ በዚያው ወር አንድ ተፎካካሪ ሱቅ ተከፍቷል፤ ባለቤቱ ማዞሪያ ከማዞሩ በፊት በቴስተር ይለካል፣ የለካውን በደብተር ይጽፋል ይባላል። «ሓኪም ነው ወይስ ቴፕ ገጣሚ?» እያልኩ ስቀልድበት ነበር የከረምኩት።

«ምን ሆነ? ሓቂ ንገረኝ» አለኝ ሾፌሩ።

«ቴፑ ፎርጅድ ነው» አልኩት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

«ኦሪጅናል ነው ብሎኝ ነበርኮ።»

«እሱ ምን ያድርግ። አታለውት ይሆናል፤ ሰው አገር ዕቃ መለየት ከባድ ነው።»

ይህችኛዋን ያከልኳት ለማለዘብ ነበር። ልጁን ከወንድሙ ቁጣ የማድነው መስሎኝ ነበር።

አሮጌውን ካሴት መልሼ ገጠምኩለት፣ አዲስ ስፒከርም ከራሴ በነጻ አስገባሁለት። ማዞሪያዋ ለካሴቱ ልክ ስለነበረች ድምፁ ወዲያው ተስተካከለ። ሾፌሮቹ ይህን አይተው «ሓቁን ነው፣ ቴፑ ነው ጥፋተኛው» ተባባሉ። ማስረጃው ሁሉ ለውሸቴ ቆመልኝ። ሾፌሩ በደግነቴ ተነክቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ መረቀኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እኔ ግን «አሜን» ነበር ያልኩት። ሊሄድ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አራት ዓመት ኖሮ ዕቃ ያልለየ ሰው፣ መንገድ እንዴት ይለያል?» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው፣ ለራሱ ነበር።

በማግሥቱ ታናሹ መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። አልተጣላኝም። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ይቅርታ ጠየቀኝ።

«በእኔ ጥፋት እርስዎንም አስቸገርኩ፤ ስፒከር ከኪስዎ ማውጣትዎን ነግሮኛል።»

«ምንም አይደል።»

«ግን እርግጠኛ ነዎት? ሦስት ሱቅ ነው የዞርኩት።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፣ የማፍረው ሾፌር የለም። ብነግረው ልጁ ደስ ብሎት ይሮጥ ነበር እንጂ አንገቴን አይይዘኝም ነበር። እኔ ግን ትናንት የተናገርኩትን ዛሬ መዋጥ አቃተኝ።

«ዐሥራ አምስት ዓመት የሠራሁበት ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ቴፑን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ አገላበጠው። «የቱ ላይ ነው የሚታወቀው? ያሳዩኝ፣ ለሌላ ጊዜ እንዳውቅ።»

እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የከፋው የሚቀጥለው ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በካቻቢቴዬ ጫፍ ጠቆምኩት፣ ጥርት ያለ፣ እንከን የሌለበት የፋብሪካ ጽሑፍ። «አየኸው? ፊደሉ ደብዘዝ ይላል። የኦሪጅናሉ እንዲህ አይደለም።»

ወደ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየው። «እወ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ሳየው እውነትም ደብዘዝ ይላል።»

ከዚያ «ለመለዋወጫ ይሁንዎት» ብሎ ቴፑን ትቶልኝ ሄደ። በሩን ሲዘጋ እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ሾፌሩ የከሰዓቱን መሪ ለሌላ ሰው ሰጠ፣ ለባዳ። ታናሹ የቀን ሥራ ያዘ፣ ድንጋይ ሲያወርድ አዩት ይባላል፤ ታላቁ አልጠራውም፣ እሱም አልሄደም። ኋላ እዚያው መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ጭነት ጫኝ ሆኖ ገባ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ። ወንድሙ ክርስትናው ላይ እንዳልነበረ ሻይ ቤቷ ውስጥ ሰማሁ። ያን ዕለት ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እኔ በበኩሌ ጎበዝ ሆንኩ፤ ጉዱ ይህ ነው። በድብቅ ቴስተር ገዛሁ። ቴፕ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ካርቶኑን አነባለሁ፣ የሚያወጣውን ቮልት እለካለሁ፣ ማዞሪያዋን በዚያው ልክ አቆማለሁ። ስፒከር የሚቃጠልበት ሰው ቀረ። «እጅህ እያደር ይጣፍጣል» ይሉኛል፣ ሥራ በዛልኝ። የተማርኩት በማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቴፑን አንድ ዓመት ያህል አላየሁትም፤ በኋላ የሱቄ ማጫወቻ ሲበላሽ አወጣሁትና ግድግዳው ላይ ገጠምኩት። ምንም አልሆነም። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፣ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ደንበኛ «ይኼን ከየት አገኘኸው?» ሲለኝ ወሬ እለውጣለሁ።

ልናገር አስቤ አላውቅም አልልም። ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ ሁሌ ዛሬ ለሾፌሩ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሻይ ቤቷ ጋ ስደርስ የተቀመጡትን ሾፌሮች አይና ለሚቀጥለው አስተላልፈዋለሁ። ሚኒባሷ በቀን ስምንት ጊዜ በደጄ ታልፋለች፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው፤ የእኔማ ወለምታም አልነበረም፣ ዐውቄ የሰበርኩት ነው።

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሾፌሩ ራሱ ገባ፣ አሮጌው ካሴት በመጨረሻ ሞቶበት። ፀጉሩ ሸብቷል። ሌላ ቴፕ እንዳሳየው ጠየቀኝ፣ ያሉኝን ሁለት ሦስት አወረድኩለት። አንዱንም አላነሳም። ዐይኑ ግድግዳዬ ላይ ነው፣ እየሰማ ነው።

«እነዚህን ተዋቸው» አለኝ። «የዚህ ዓይነቱን አምጣልኝ። ምን ያለ ድምፅ ነው!»

እንደ ልማዴ ወሬ ልለውጥ አፌን ከፈትኩ።

«ያንተው ነው» አልኩት። «ወንድምህ ያመጣው።»

አልገባውም፣ ሳቅ አለ። ከመደርደሪያ አንድ አምፕ አውርጄ ማዞሪያዋን አሳየሁት፣ ቁጥሮቹን አሳየሁት፣ ካርቶኑን አወጣሁለት። ቴፑ ምንም እንዳልነበረው፣ ያቃጠለው የእኔ ማኅተም እንደሆነ ነገርኩት።

«ይህን መቼ ዐወቅህ?» አለኝ።

ትናንት ነው፣ ባለፈው ወር ነው ብዬ ብመልስለት ያልፍልኝ ነበር፤ ሰውየው ራሱ በዐይኑ እንዲያ በለኝ እያለ የሚለምነኝ ይመስል ነበር።

«የዚያኑ ዕለት» አልኩት።

ቢመታኝ በወደድኩ። ጠረጴዛዬን ይዞ ተቀመጠ። «አንተ አንድ ቃል ነው የተናገርከው፤ መሪውን የነፈግኩት እኔ ነኝ» አለ። እኔን ሊያቀልልኝ አልነበረም፤ ሓቁን እየቆጠረ ነበር። ከዚያ ተነሳ። «ከሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ሂድና ንገረው። አንተ ሳትነግረው እኔ ፊቱ መቆም አልችልም።»

ቴፑን ከግድግዳው ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ። የፓርኩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። የፈረቃ መውጫ ስለነበር ልብስ የሚሰፉት ልጃገረዶች እየተሳሳቁ በጅምላ ይወጣሉ። እሱ ከኋላ መጣ፣ ከአንድ የሥራ ጓደኛው ጋር። ወፍሯል፣ አንገቱ እንኳ ያጠረ መሰለኝ። ወዲያው ዐወቀኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ስለ ቤተሰቤ ስለ ጤንነቴ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ጓደኛው ራቅ ብሎ ቆመ።

ነገርኩት። ሾፌሮቹ ስላዩኝ እንደዋሸሁ፣ በማግሥቱም ሲጠይቀኝ ደግሜ እንደዋሸሁ፣ እሱ የመረጠው ቴፕ እኔ በሕይወቴ ከገጠምኳቸው ሁሉ የተሻለ እንደነበረ። «ዕቃ አትለይም ማለቴ ውሸት ነበር፤ ከእኔ የተሻለ የለየኸው አንተ ነህ» አልኩት። አጎነበስኩ። መሐል መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ የሚያልፉት ልጃገረዶች እያዩኝ።

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ የሩቅ ነገር የሚያስታውስ ይመስል ዐይኑን ጠበብ አደረገ።

«አምስት ዓመት ምንም ነገር ገዝቼ አላውቅም» አለኝ። «ለልጄ ጫማ የምትገዛው ባለቤቴ ናት። ይህን ስልክ የመረጠልኝ ጎረቤቴ ነው። ሱቅ ስገባ ልቤ ይመታል፣ የያዝኩት ሁሉ ፎርጅድ ይመስለኛል። ታዲያ እኔ ዕቃ አልለይም ብዬ ተውኩት።»

ሲናገር በእኔ ላይ ምንም ቁጣ አልነበረውም፤ ስለ ቁመቱ ወይም ስለ ዐይኑ ቀለም የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እኔ የመጣሁት ስለ መሪው ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር እንደወሰድኩበት አላውቅም ነበር።

ካርቶኑን ዘረጋሁለት። «ውሰደው። ያንተ ነው፣ ኦሪጅናል ነው፣ በአላህ እምልልሃለሁ። ወንድምህም እየጠበቀህ ነው።»

ተቀበለኝ። ከፍቶ አየው፣ ቴፑን አውጥቶ ፊቱንም ጀርባውንም አገላበጠው፣ መልሶ ከተተው። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ከዚያ ጓደኛውን በእጁ ጠራው። ጓደኛው በሕይወቱ ቴፕ ገጥሞ የማያውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲሸከም የዋለ ሰው ነው።

«ሓወይ፣ ና እስቲ ይህን እየው» አለው። «ደህና ዕቃ ነው?»

ሰውየው በካርቶኑ አፍ በኩል አንዴ ጨረፍ አድርጎ አየውና «ቆንጆ ነው» አለው።

ያኔ ነው ካርቶኑን በብብቱ ሥር የያዘው።